የታጠበው ብሩሽ

ከሦስታችን አንዱ ብሩሹን አጥቦ፣ ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርጎ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ካስቀመጠ እንሄዳለን ማለት ነው። ወዴት እንደምንሄድ መነጋገር ይቻላል። ለምን እንደምንሄድ ግን አይጠየቅም። ሕጋችን ይኸው አንድ ብቻ ነበር።

ለቀለም ቀቢ ብሩሽ ማጠብ ቀላል ነገር አይደለም። የዘይት ቀለም የነካ ብሩሽ ናፍጣ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ጠዋት በጨርቅ ይጠረግና ሥራው ይቀጥላል። በሳሙና ተፈትጎ፣ ጠጉሩ ተበጥሮ የሚታጠበው ቤቱ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሳያልቅ የታጠበ ብሩሽ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሕጉን ያወጡት ጋሼ መሰላል ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ኮርኒሱን በመሬት ላይ ቆመው ስለሚነኩ፣ አብራን የምትሠራው ልብስ ሰፊዋ ያወጣችላቸው ስም ግን እሱ ነበርና ጸና። ሃምሳን አልፈዋል። አንድ ቦታ ቤተሰብ እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። ሰፊዋ አርባ ሊሞላት ነው። እሳቸው ለሚቀቡት ቤት መጋረጃ ትሰፋለች፤ መጋረጃ ሳይኖር ደግሞ የመስኮት ጠርዝ ትቀባለች። እኔ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ ስንጥቁን በስቱኮ እሞላለሁ። የሁላችንም ብሩሽ ምልክት አለው። የጋሼ እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል፤ የሰፊዋ ቀይ ክር አለው። የእኔ ምንም የለውም።

የተቀላቀልኳቸው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት ማኅደር ክፍል ውስጥ ፋይል ላይ ቁጥር እለጥፍ ነበር። የምኖረው በኪራይ ክፍል ነው። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድም ቃል የማልናገርበት ሳምንት ብዙ ነበር፤ ሰኞ «እንደምን አደራችሁ» ስል ድምፄ ይሰነጠቅብኛል። አከራዬ ክፍሉን እንዲቀቡ ሁለቱን ላከቻቸው። እስኪጨርሱ ውጪ መቆየት ነበረብኝ፤ የምሄድበት ስላልነበረኝ ግን መፋቂያ አንስቼ የቆየውን ቀለም መፋቅ ጀመርኩ። ማንም አልከለከለኝም።

በሦስተኛው ቀን ሰፊዋ፣ «አንቺ ልጅ፣ እርስዎ እያልሽ ወገቤን አታሳምሚኝ። አንቺ በይኝ» አለችኝ።

«እሺ፣ እታለም።»

«እታለም! ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለችና ሳቀች፤ ስሙን ግን ወደደችው።

በሳምንቱ ብሩሿ ታጥቦ መስኮቴ ላይ ተቀመጠ። ዕቃቸውን አሰሩ። ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ክፍሉ አምሮበታል። አንቺ ግን አላማረብሽም። ነይ» አለች። ሄድኩ። መሥሪያ ቤቱ እንዳልመጣሁ ያወቀው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ምን እንደምንፈልግ የጠየቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ከተማ ስንሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ።

«ደስ የሚል ቦታ» አሉ ጋሼ።

«ስናገኘው በምን እናውቀዋለን?»

ትንሽ አሰቡ። «ብሩሽ ማጠብ ሲያስጠላን።»

«አንተ መቼም ቢሆን ማጠብ ያስጠላሃል» አለች ሰፊዋ ከኋላ። «በሰው መጋረጃ እጅህን ስትጠርግ ያየሁህ ስንቴ ነው!»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ አምስት ከተማ ሄድን። አንዳንዴ ጋሼ አጠቡ፤ አንዳንዴ ሰፊዋ። እኔ አንድም ጊዜ አላጠብኩም።

ስምንተኛው ከተማ ላይ አንድ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ያለ ቤት አገኘን። አራት ክፍል ነው። ባለቤቷ ከስልክ ቤት ጡረታ የወጡ አሮጊት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሰውን መስመር ሲያገናኙ ኖረዋል። «በዚህች ጆሮዬ ስንቱ ተጋብቷል፣ ስንቱ ተጣልቷል፣ ስንቱ መርዶ ሰምቷል» ይላሉ። «እኔ ከቁጥር በስተቀር አንዲት ቃል ጣልቃ አላስገባሁም።» ልማዱ ስላልለቀቃቸው ወሬ አቋርጠው ወደ ኩሽና ሲገቡ «መስመር ላይ ይቆዩ» ይላሉ። ሰፊዋ እማማ መስመር ብላ ሰየመቻቸው፤ ፊት ለፊት ግን እማማ ብቻ ነው የምንላቸው።

ባላቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀለም መምረጥ አልሆነላቸውም። ጋሼ አንድ ግድግዳ ላይ ሞክረው ያሳዩአቸዋል፤ እማማ ወንበር አምጥተው ፊት ለፊቱ ቁጭ ይላሉ፤ በማግሥቱ «ይኼ አፈጠጠብኝ» ወይም «ይኼ ደግሞ አኮረፈኝ» ብለው ያስለውጡታል። ለሁለት ሳምንት የመጣነው ሁለት ወር ሞላን። ሌላ ቦታ ቢሆን ጋሼ ገና በአሥረኛው ቀን ብሩሻቸውን ያጥቡ ነበር። እዚህ አላጠቡም። እንዲያውም የእማማን የተሰበረ ወንበር ጠገኑ። ከዚያ እኛ በምናድርበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በራሳቸው ቁመት ልክ፣ አንድ ሚስማር መትተው ኮታቸውን ሰቀሉ። በሰባት ከተማ ውስጥ ኮታቸው ከሻንጣቸው ላይ ወርዶ አያውቅም ነበር።

ሰፊዋ ደግሞ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አፈር ሞልታ የቃሪያ ዘር ዘራች።

«መቼ ነው የሚያፈራው?» አልኳት።

«ሦስት ወር ይፈጃል አሉ።»

ተያየን። ወዲያው ሁለታችንም ሥራ ያለብን መሰልን።

እኔ መጻሕፍቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ደረደርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ለእማማ ጋዜጣ አነባለሁ፤ ዓይናቸው ደክሟል። የሟቾችን ስም ዝርዝር ሳይቀር ያስነብቡኛል፤ «ይህንን አገናኝቼው አውቃለሁ» ይላሉ አልፎ አልፎ። ድምፄ መሰንጠቅ አቁሞ እንደነበር ያወቅኩት እዚያ ቤት ነው።

እዚሁ እንቅር ማለት ፈለግሁ። ሦስታችንም፣ አብረን። ለመሄድ ምልክት ነበረን፤ ለመቅረት ግን ምልክት አላበጀንም። በአፍ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ግድግዳ በምፈትግበት ሰዓት ወረቀቱ ስለሚንጫጫ ለራሴ እለማመደው ነበር፦ ለምን እዚህ አንቀርም? ለምን እዚህ አንቀርም? ፍተጋዬን ሳቆም እኔም ዝም እላለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። የጋሼ የቀኝ እጅ አንጓ ካበጠ ሰንብቷል፤ በእጅጌያቸው እየሸፈኑ ይሠሩ ነበር። የዚያን ዕለት የሳሎኑን በር አረንጓዴ የዘይት ቀለም እየቀቡ ሳለ ብሩሹን ቆርቆሮ ክዳን ላይ ጣል አድርገው «ጤና ጣቢያ ደርሼ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ሰፊዋ የመጋረጃ ቀለበት ልትገዛ ሄዳለች። እኔ ከጓዳ ስመጣ ብሩሹ ፀሐይ መትቶት ጫፍ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል። የናፍጣውን ቆርቆሮ ደግሞ የእማማ ድመት ገልብጣዋለች።

የሌላ ሰው ብሩሽ አይነካም። አውቃለሁ። ግን ጋሼ በታመመ እጃቸው ተመልሰው የደረቀ ብሩሽ ሲያገኙ ታየኝ። ተርፋ በነበረች ቲነር አለቀለቅኩት፣ በሳሙና ፈተግኩት፣ ጠጉሩን በማበጠሪያዬ አበጠርኩት። እጅግ ተጠነቀቅኩ። ምልክት እንዳይመስል ከመስኮት ሁሉ ርቄ ኩሽና በር ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ዞር ብዬም አየሁት። ከዚያ ጀሪካን ይዤ ናፍጣ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን በገመድ እያሰረች ነው።

«ጫፉን ያዢልኝ» አለች። ፊቷን አላዞረችም።

«ምነው?»

ይቺን እንኳ መጠየቅ አልነበረብኝም። ሰፊዋ በአገጭዋ ወደ መስኮቱ ጠቆመችኝ። ነጭ ፕላስተር ያለበት ብሩሽ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል፤ ጠጉሩ ወደ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ።

ጋሼ ታጥቦ ሲያገኙት ወስደው አስቀመጡት ብዬ አሰብኩ። ሊሄዱ ፈልገው ኖሯል፤ እኔ ሥራውን አቀለልኩላቸው። ገመዱን ያዝኩላት። ሰፊዋ አጥብቃ ስትስበው መዳፌን ላጠው፤ አልነገርኳትም።

ጋሼ ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። እጃቸው በፋሻ ታስሯል።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለች ሰፊዋ።

«ስድስት ሳምንት ብሩሽ አትይዝም አለኝ።»

«እንዲያ ከሆነማ...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

ጋሼ ኮታቸውን አወረዱ። ሚስማሩን በግራ እጃቸው ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ከስቱኮው ቆንጥረው ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ደፈኑት፤ ግድግዳው ላይ ማንም ምንም ያልሰቀለበት እስኪመስል ድረስ አለሰለሱት። ከዚያ ብሩሻቸውን ከመስኮቱ አንስተው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ። አንዴም ወደ እኛ አላዩም።

እማማ በር ላይ ቆመው እጃቸውን እርስ በርስ ያፍተለትላሉ። ሁለቱ ቀድመው ደረጃውን ወረዱ። እኔ መጻሕፍቴን እንደያዝኩ ልስማቸው ጎንበስ አልኩ።

«እንዲህ በድንገት ይኬዳል?» አሉኝ። «ቀለሙን ስላስለዋወጥኳችሁ ነው አይደል? ምነው ባላሰለቸኋችሁ ኖሮ። እኔ ደግሞ ትቆያላችሁ ብዬ ያንን ብሩሻችሁን እንኳ ጨለማ ውስጥ ተሰቅሎ እንዳይሻግት ከኩሽና አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁላችሁ።»

ቀና አልኩ። «እርስዎ ነዎት ያወጡት?»

«አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፉም፣ እማማ» አልኩ። ሳምኳቸውና ደረጃውን ወረድኩ።

እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ጋሼ ከፊት፣ ሰፊዋ መኻል፣ እኔ ከኋላ። ሰፊዋ የቃሪያውን ቆርቆሮ በክንዷ አቅፋለች፤ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል። እኔ ከሁለቱ በፊት ያወቅኩት ነገር ነበረኝ፦ ማንም እንሂድ አላለም። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ሁላችንም ዞረን እንመለሳለን። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ አልኩ። ዳቦ ቤቱ አለፈ። ጫማ ሰፊው ጥላ ሥር እናገራለሁ አልኩ። ጫማ ሰፊው «መንገድ ሆነ?» አለን፤ ሰፊዋ «ሆነ» አለችው፤ አለፍን። ምናልባት እነሱም ብሩሹን መስኮት ላይ ሲያዩት ደስ ብሏቸው ይሆናል እያልኩ ለዝምታዬ ሰበብ እፈልግለት ነበር። ሰው መሄድ ፈልጎ እኔ ብይዘውስ? ብጠይቅና ቢቆጡኝስ? እነዚህ ሁለት ሰዎች ቢቆጡኝ ሌላ የለኝም።

መናኸሪያው ውስጥ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ጋሼ የስፌት መኪናውንና የእኔን ቦርሳ በግራ እጃቸው ከግድግዳው ሥር አስጠግተው አስቀመጡ። የራሳቸውን ሻንጣ ብቻ ይዘው ወደ አውቶቡሱ በር ሄዱ። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ።

«እንግዲህ ደህና ሁኑ» አሉ። «እናንተ ጥሩ ናችሁ። ምንም ቅር አላለኝም።»

ሕጉ ሕግ ነው፤ ሰፊዋ «ለምን?» ብላ አልጠየቀችም። ቆርቆሮዋን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ገባኝ። ጋሼ ብሩሻቸው ታጥቦ ሲያዩት፣ ሰፊዋም ዕቃ ስትጠቀልል ሲያገኟት፣ ሁለታችን ያለ እሳቸው ልንሄድ ያሰናበትናቸው መስሏቸዋል። ሰፊዋ ደግሞ እጃቸው ስለታመመ ጥለዋት ሊሄዱ ነው ብላለች። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ሊለያዩ ነው፤ እኔም ቆሜ ልመለከት ነው።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት!» አልኩ።

መጮኼን ያወቅኩት መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ሎሚ የምትሸጠዋ ሴት ሳትቀር።

«ብሩሹን እኔ ነኝ ያጠብኩት። ሊደርቅብዎ ነበር። ኩሽና ሰቅዬው ነበር፣ እማማ ናቸው መስኮት ላይ ያሰጡት። ማንም አልፈለገም። ማንም እንሂድ አላለም። ጋሼ፣ ይቅሩ።»

በሕይወቴ ሰውን «አትሂድ» ብዬ ለምኜ አላውቅም ነበር።

ሰፊዋ መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ የቃሪያውን ቆርቆሮ መሬት አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ መኻል ላይ ልቅሶ ሆነ። «አንተ መሰላል!» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «እኔ አንተ ያጠብከው መስሎኝ! በታመመ እጅህ እንዴት ፈትገህ ታጥበዋለህ ብዬ እንኳ አላሰብኩም! አየህ ደንቆሮነቴን?»

ጋሼ እግራቸውን ከደረጃው አላነሱም። «እኔ ደግሞ ሸኛችሁኝ ብዬ» አሉ ቀስ ብለው። «እጅ የሌለው ቀለም ቀቢ ምን ያደርጋል ብዬ፣ ፈረድኩላችሁ።»

«በል ና ውረድ» አለች ሰፊዋ። «እንመለስ።»

«ትሳፈራላችሁ ወይስ ጨዋታችሁን ትጨርሳላችሁ?» አለ ሹፌሩ ከመሪው ላይ።

ጋሼ የታሰረ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ሰፊዋን፣ ከዚያ እኔን። ረጅም ስለሆኑ የሚያዩን ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ያን ቀን ግን ከሩቅ መሰለኝ።

«ተማሪዋ» አሉኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጠሩኝ በዚህ ነው። «ይህን ድምፅ እስካሁን የት ደብቀሽው ነበር?»

«ሚስማሯን የነቀልኩ ጊዜ» አሉ፣ «አዘንኩ። እውነቴን ነው። ሻንጣዬን ሳነሳ ግን ቀለለኝ። ይኼን ብደብቃችሁ ውሸታም እሆናለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አትሂድ የሚለኝ ሰው መኖሩን ሳውቅ ደግሞ ይብስ ፈራሁ።»

ሰፊዋ መሳቋንም ማልቀሷንም አቆመች። «ምኑ ነው የሚያስፈራው?»

በሕጋችን መጠየቅ የተከለከለው ይኸው ነበር። ጋሼ ሻንጣቸውን ከፍተው ብሩሹን አወጡና በግራ እጃቸው ሰጡኝ። «በሩን ጨርሺው። ከላይ ወደ ታች፤ አትመላልሺ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ፤ ለእሳቸው ቁመት የተሠራ በር የለም። በግራ በኩል መስኮት ጥግ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ሲዞር ፊታቸውን አላየሁትም፤ የታሰረው እጃቸው ብቻ መስታወቱ ላይ ነጭ ሆኖ ታየኝ።

ሰፊዋና እኔ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ጫማ ሰፊው «ቀራችሁ እንዴ?» አለን። «ቀረን» አለች ሰፊዋ። እማማ በሩን ከፍተው ሁለት መሆናችንን አዩ፤ «ግቡ» አሉ። ሰፊዋ የቃሪያውን ቆርቆሮ ቀድሞ ክብ ምልክት የተወበት ቦታ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሊሆን ነው። መጋረጃዎቹ ተሰቅለዋል። እማማ በመጨረሻ ሳሎኑን ነጭ አስደረጉት፤ «ነጭ አይናገርም፣ አዳምጦ ዝም ይላል» ብለው። እኔና ሰፊዋ ሰፈር ውስጥ ሌሎች ቤቶች ይዘናል፤ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን። ሰፊዋ ሥራ ላይ አሁንም ትቀልዳለች፤ ግን ቀልዱን ስትጨርስ ከፍ ወዳለ ቦታ ቀና ትላለች፣ አንድ ሰው ከዚያ ይስቅላት ይመስል። የሳሎኑን በር ከላይ ወደ ታች ቀባሁት። በሩ ኮርኒሱን ሊነካ ጥቂት የቀረው ነውና፣ ከላይ ጫፉ አንድ ስንዝር የምታህል ግን ወንበር ላይም ቆሜ አልደረስኩባትም፤ የቆየው ቡናማ ቀለም እንዳለ አለ።

ባለፈው ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ የእማማ ስልክ ጮኸ። ለእሳቸው የሚደውል እምብዛም የለም። ጋዜጣውን አስቀመጥኩ። አነሱና በድሮው ድምፃቸው «አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?» አሉ። ጥቂት አዳመጡ። ቀና ብለው አዩኝ። «መስመር ላይ ይቆዩ» ብለው እጀታውን ሰጡኝ።

«በሩ አለቀ?» አሉ ጋሼ።

«ከላይ አልደረስኩም።»

«ወንበር ላይ ውጪያ።»

«ወጥቼ ነው።»

ከኋላቸው የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል።

«እጅዎስ?»

«ተሻለኝ። ትናንት አንድ ግቢ አጥር ቀባሁ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።» ቆዩና «ቃሪያውስ?» አሉ።

«አፍርቷል። ሰፊዋ ግን አትቆርጠውም፤ ስታየው ትውላለች።»

ትንሽ የሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ዝም አሉ። እንዳይዘጉት ፈራሁ። በፊት ቢሆን እኔም ዝም እል ነበር፤ ዝምታ ላይ ማንም አይበልጠኝም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ለምን ሄዱ?»

መኪናው አልፎ ሄደ። የትንፋሽ ድምፅ ይሁን የመስመሩ ሽውታ መለየት አልቻልኩም። እጀታውን ከጆሮዬ ላርቀው ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

«አልዘጉም» አሉ በሹክሹክታ። «ሲዘጋ ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ቆምኩ። ፊት ለፊቴ በሩ አለ፣ አናቱ ላይ ያልተነካችው ስንዝር። ከሥሩ የናፍጣው ቆርቆሮ፣ በውስጡ ነጭ ፕላስተር ያለበት ብሩሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ናፍጣውን እቀይርለታለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ አጥቤው አላውቅም።